ወርዶ የተሠራ የቮልስ ሞተር ሚኒሞው አልወርድ ሲል

ሞተሩ ወርዶ ተሠርቷል። ፒስተን፣ ሪንግና ብሮንዚን ተቀይሯል፤ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ታድሷል፤ በመጀመሪያው ቁልፍም ተነሥቷል። ሲሞቅ ግን ሚኒሞው፣ ማለትም ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ በራሱ የሚዞርበት ፍጥነት፣ በደቂቃ 1,500 ዙር ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ዝቅ ላድርገው ሲሉት ይንቀጠቀጥና ይጠፋል። እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ካቻቢቴ አንሥቶ ካርቡሬተሩን መጠምዘዝ ይጀምራል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የትኛው ቪቴ (ብሎን) የት እንደነበር የሚያውቅ የለም።

ካርቡሬተር የመጨረሻው ሥራ ነው። ቫልቮላ፣ ፑንቲና (እሳቱን የሚያስነሣው የዲስትሪቢዩተሩ መገናኛ) እና ታይሚንግ (እሳቱ የሚነሣበት ቅጽበት) ይቀድማሉ፤ በስርቆሽ በር፣ ማለትም ባልታሰበ ቀዳዳ፣ የሚገባ አየር መኖር አለመኖሩ ይከተላል፤ ቪቴ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ አንዱን ጥፋት በሌላ ጥፋት እየሸፈናችሁ ትሄዳላችሁ።

ከዚህ በታች ያለው ለአየር ማቀዝቀዣው ቮልስ፣ በተለይም ሶሌክስ 30፣ 31 ወይም 34 ፒክት 3 ካርቡሬተር ለተገጠመላቸው 1300 እና 1600 ሞተሮች ነው። ቁጥሩ በካርቡሬተሩ አካል ላይ ተመትቶ ይገኛል። ሌላው ምልክት በግራ በኩል፣ ማለትም በሾፌሩ ወገን፣ ያሉት ሁለት ቪቴዎች ናቸው፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ነው። ትልቁ ከሌለ የያዛችሁት የቀድሞው ዓይነት ነው፤ የእሱን አስተካከል ከታች ለብቻው አስቀምጠነዋል።

የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች

አዲስ ካምሻፍት የገባለት ሞተር እንደተነሣ ሚኒሞ ላይ አይቆምም። ወደ 2,000 ዙር ተይዞ፣ ትንሽ ከፍ ዝቅ እየተደረገ፣ 20 ደቂቃ ያህል መሥራት አለበት። በሚኒሞ ዙር ለካምሻፍቱ የሚረጨው ዘይት ትንሽ ስለሆነ ያልተላመደው ጥርስ ይበላል። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ሚኒሞው ለምን ከፍ አለ ብላችሁ አትጨነቁ። ከመነሣቱ በፊት 2.5 ሊትር ዘይት መግባቱንና የቤንዚን መስመሩ አለማንጠባጠቡን ብቻ አረጋግጡ።

የቤንዚኑን መስመር ካነሣን አይቀር፤ ቤንዚን ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባባት የነሐስ ቱቦ በዕድሜ ብዛት ከመቀመጫዋ የምትላቀቅበት ጊዜ አለ። በእጅ ስትነቀንቋት የምትወዛወዝ ከሆነ ሞተሩን አታስነሡ። ከበታቿ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር አለ፤ ብዙ ቮልስ የተቃጠለው በዚህች ቱቦ ነው። የፕላስቲኩን የቤንዚን ፊልትሮም ሞተር ክፍሉ ውስጥ አታንጠልጥሉት፤ ከጋኑ አጠገብ ከታች ይሁን።

ቫልቮላ፣ ፑንቲና፣ ታይሚንግ

ቫልቮላ የሚለካው ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ፣ አድሮ ቢሆን ይመረጣል። ክፍተቱ ለመግቢያውም ለመውጫውም 0.15 ሚ.ሜ ነው። አንደኛው ሲሊንደር በቀኝ በኩል ወደ መኪናው ፊት ያለው ሲሆን ሁለተኛው ከኋላው ነው፤ በግራ በኩል የፊቱ ሦስተኛ፣ የኋላው አራተኛ ነው። የዲስትሪቢዩተሩ ሮተር ወደ አንደኛው ምልክት ዞሮ የፑሌው ምልክት ከሞተሩ አካል መጋጠሚያ መስመር ጋር ሲገጥም አንደኛውን ለኩ። ከዚያ ፑሌውን ግማሽ ዙር ወደ ኋላ፣ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ፣ እያዞራችሁ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ ብላችሁ ትጨርሳላችሁ። የእሳቱ ቅደም ተከተል 1፣ 4፣ 3፣ 2 ስለሆነ ወደ ኋላ ሲዞር ቁጥሩ በተርታ ይመጣል።

አዲስ የተሠራ ቴስታታ ላይ ቫልቮላው መቀመጫው ውስጥ እየተደላደለ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል። የጠበበ ቫልቮላ ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ያ ሲሊንደር በዝቅተኛ ዙር ይደክማል፤ ሰውም ሞተሩ እንዳይጠፋ ብሎ ሚኒሞውን ከፍ ያደርጋል። ጥፋቱ ካርቡሬተር መስሎ የሚታየው በዚህ መንገድ ነው።

ፑንቲናው 0.4 ሚ.ሜ ይከፈት፤ ድዌል (ፑንቲናው ዘግቶ የሚቆይበት ዲግሪ) መለኪያ ካላችሁ ከ44 እስከ 50 ዲግሪ ይሁን። ይህን ከታይሚንግ በፊት ጨርሱ፤ ክፍተቱ ሲሰፋ ታይሚንጉን አብሮ ያስቀድመዋልና። ካንዴላው 0.7 ሚ.ሜ ይበቃዋል።

ታይሚንጉ የሚወሰነው በተገጠመው ዲስትሪቢዩተር እንጂ በመኪናው ሞዴል አይደለም። አንድ የቫኪዩም ቱቦ ያለው ከሆነ 7.5 ዲግሪ ከላይኛው ነጥብ (ፒስተኑ ጫፍ ከሚደርስበት) በፊት ነው። ሁለት ቱቦ ያለው 1600 ላይ የመጣው ዓይነት 5 ዲግሪ ከነጥቡ በኋላ ሲሆን የሚለካውም ቱቦዎቹ እንደተገጠሙ ነው። ቫኪዩም የሌለው ቦሽ 009 ደግሞ በሚኒሞ አይለካም፤ በ3,500 ዙር ላይ ከ28 እስከ 32 ዲግሪ እንዲደርስ ይደረጋል።

ሚኒሞው ገና 1,500 ላይ ተሰቅሎ ሳለ በስትሮብ መብራት ታይሚንግ ማንበብ ዋጋ የለውም፤ በዚያ ዙር የዲስትሪቢዩተሩ ክብደቶች መከፈት ጀምረዋል። ሞተሩን ሳታስነሡ በተራ የ12 ቮልት አምፑል ሥሩት። አንዱን ጫፍ የእሳቱን ኃይል በሚሰጠው ቦቢና ላይ ፑንቲናው ከሚገናኝበት፣ ቁጥር 1 ከተጻፈበት፣ ሌላውን ከአካሉ ጋር አገናኙ። የፑሌውን ምልክት 7.5 ላይ አቁሙ፤ ቁልፉን ክፈቱ፤ ዲስትሪቢዩተሩን አላልታችሁ በሰዓት አቅጣጫ አምፑሉ እስኪጠፋ አዙሩት። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ መልሱት፤ አምፑሉ በበራበት ቅጽበት እሰሩት።

ክዳኑን ሳትመልሱ ሮተሩን በእጅ ጥቂት አዙራችሁ ልቀቁት። በሞላው ተስቦ ፈጥኖ መመለስ አለበት። ተይዞ ከቀረ ወይም ተንቀርፍፎ ከመጣ ክብደቶቹ ዝገዋል፤ አለዚያም ሞላው ሞቷል። ቤንዚን ሰጥታችሁ ስትለቁ ዙሩ ለብዙ ሰከንድ ከፍ ብሎ ቆይቶ የሚወርድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሞተር ወርዶ ሲሠራ ዲስትሪቢዩተሩ ሳይታይ ስለሚመለስ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ስሮትሉ በእርግጥ ዘግቷል?

ሞተሩ ሲወጣ የቤንዚን መስጫው ገመድ ተፈትቶ ነበር። ሲመለስ ጠብቆ ከታሰረ ስሮትሉን (በካርቡሬተሩ ውስጥ የሚገባውን አየር የሚወስነውን ሳህን) ጥቂት ከፍቶ ይይዘዋል። ገመዱን ከካርቡሬተሩ ክንድ ላይ ፍቱትና ዙሩን ተመልከቱ። ከወረደ ችግራችሁ አልቋል። ስታስሩት አንድ ሰው ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይርገጥ፤ በዚያ ሁኔታ በክንዱና በካርቡሬተሩ ማቆሚያ መካከል 1 ሚ.ሜ ያህል ክፍተት ይቅር። የክንዱ መመለሻ ሞላም በቦታው መሆኑን እዩ።

ቀጥሎ ቾክ፣ ማለትም ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አየሩን የሚቀንሰው የካርቡሬተሩ የላይ ሳህን፣ ነው። ቾኩ በኤሌክትሪክ ሞቆ የሚከፈት ሲሆን ከቦቢናው ቁጥር 15 የሚመጣ ሽቦ አለው። ሽቦው ካልተሰካ ቾኩ አይከፈትም፤ ቾኩ ካልተከፈተ ደግሞ የስሮትሉ ቪቴ በደረጃ መሰሉ ካም ላይ ወጥቶ ይቀራል። ውጤቱ ከፍተኛ ሚኒሞና ጥቁር ጭስ በአንድ ላይ ነው። ቁልፉ ተከፍቶ ወይም ሞተሩ እየሠራ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ከላይ ስታዩት ሳህኑ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ሽቦውን ተሳስተው ቁጥር 1 ላይ የሚሰኩ አሉ፤ ይህ እሳቱን ራሱን ይረብሻል።

ያው ሽቦ ሚኒሞ መዝጊያውን ሶሌኖይድም (በኤሌክትሪክ የሚከፈተውን ቫልቭ) ይመግባል። ቁልፉን ክፈቱና የሶሌኖይዱን ሽቦ ነቅላችሁ ንኩት፤ «ጠቅ» ካላለ ሞቷል ወይም ኤሌክትሪክ አልደረሰውም። ብዙውን ጊዜ የችግሩ ሰንሰለት የሚጀምረው እዚህ ነው። ሶሌኖይዱ ወይም የሚኒሞው ጄት (ቤንዚን የሚመጠንበት ቀዳዳ) ሲዘጋ ሞተሩ በሚኒሞ አልቆም ይላል፤ ሰውየው የስሮትሉን ቪቴ ይጠመዝዛል፤ ሞተሩ አሁን በሚኒሞው መንገድ ሳይሆን ለፍጥነት መነሻ በተሠሩት ቀዳዳዎች ይሠራል፤ ስለዚህ 1,400 ወይም 1,500 ላይ ብቻ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ትንሹን ቪቴ ብታዞሩት አንዳች ለውጥ አይመጣም።

መፈተኛው ቀላል ነው። ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ትንሹን ቪቴ ቀስ ብላችሁ ዝጉት። ጤነኛ ካርቡሬተር ሲዘጋ ሞተሩ ይጠፋል። ካልጠፋ ስሮትሉ ከልክ በላይ ተከፍቷል። አንድ የቫኪዩም ቱቦ ያለው ዲስትሪቢዩተር ላይ ሌላም መፈተኛ አለ፤ በሚኒሞ ቱቦውን ንቀሉት። ዙሩ መለወጥ የለበትም፤ ቱቦው የሚስበው ከስሮትሉ በላይ ካለ ቀዳዳ ነውና። ዙሩ ከወረደ ስሮትሉ ቀዳዳውን አልፎ ተከፍቷል ማለት ነው።

በስርቆሽ በር የሚገባ አየር

ገመዱ ልል፣ ቾኩ ክፍት፣ ስሮትሉ ዝግ ሆኖ ሚኒሞው ካልወረደ አየር በሌላ መንገድ እየገባ ነው። ዙሩ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ጥርጣሬውን ያጠናክራል።

መግቢያዎቹ የታወቁ ናቸው። ቀዳሚዎቹ መካከለኛውን ማኒፎልድ (የአየርና የቤንዚኑን ውህድ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚወስደውን ቱቦ) ከግራና ከቀኝ ጫፎቹ ጋር የሚያያይዙት ሁለት ጎማዎች ናቸው። አሮጌው ጎማ ይሰነጠቃል፤ አዲሱ ደግሞ ማኒፎልዱ ከመሐል ሳይገባ ሲታሰር በአንድ ወገን ይከፍታል። ጎማውን ከማጥበቃችሁ በፊት የጫፎቹን ዳዶዎች አላልታችሁ ማኒፎልዱ ራሱ ቦታውን እንዲይዝ አድርጉ፤ ከዚያ ዳዶዎቹን በ20 ኒውተን ሜትር እሰሩ፤ ክላምፑ መጨረሻ ይጠብቅ። ከጎማው ቀጥሎ ጫፎቹ ቴስታታው ላይ የሚያርፉበት ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያው ማሸጊያ) ነው። አሮጌው ሳይነሣ አዲስ የተደረበበት፣ ወይም ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ በስብስብ የተገዛው ቀዳዳው ያልገጠመ ጓርኒሲዮን ብዙ ሰው አታሏል። ከመግጠማችሁ በፊት ቴስታታው ላይ አስደግፋችሁ በዓይን አመዛዝኑት።

ሦስተኛው የካርቡሬተሩ እግር ነው። ሁለቱ ዳዶዎች ከልክ በላይ ከጠበቁ እግሩ ይጎብጣል። ካርቡሬተሩን አውርዳችሁ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ስታስቀምጡት ከተወዛወዘ በመስታወቱ ላይ በተዘረጋ ቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ አስተካክሉት። አራተኛው የስሮትሉ ዘንግ ነው፤ በእጅ ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀነቅ የሚጫወት ከሆነ በዙሪያው አየር ይገባል። ይህን የሚያድነው ቶርኖ ቤት ገብቶ አዲስ ቡሽ ማስገባት ብቻ ነው። ሞተር ለማሠራት ያን ያህል ወጪ ወጥቶ አርባ ዓመት ያገለገለ ካርቡሬተር እንደነበረ መመለስ የተለመደ ነው፤ አይጠቅምም።

ለማግኘት ሞተሩን በሚኒሞ አቁማችሁ በቀጭን ቱቦ ካርቡሬተር ማጽጃ ወይም ደብሊው ዲ 40 ወደ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ጥቂት ጥቂት ርጩ። ዙሩ በተለወጠበት ቦታ ቀዳዳው አለ። የአየር ፊልትሮውን አታውልቁ፤ ርጭቱ በአፉ ከገባ ያሳስታችኋል። ማርሚታው ግሎ ከሆነ የሳሙና ውኃ ተጠቀሙ፤ ዝግ ያለ ግን እሳት የማያስነሣ ነው። ሥራው በረንዳ ላይ ወይም ሜዳ ላይ ይሁን፤ ዝግ ጋራዥ ውስጥ ጭሱ ይገድላል።

ካንዴላውም ይናገራል። ሦስተኛውና አራተኛው ነጭ ሆነው አንደኛውና ሁለተኛው ቡናማ ከሆኑ አየሩ የሚገባው በግራው ወገን ነው፤ የግራውን ጎማና ጓርኒሲዮን ብቻ ፈትሹ። አራቱም ነጭ ከሆኑ ጥፋቱ ከካርቡሬተሩ እግር አካባቢ ነው።

አሁን ቪቴዎቹ

እዚህ የደረሰ ሰው ካቻቢቴ ይያዝ። በእነዚህ ካርቡሬተሮች ሚኒሞ የሚስተካከለው በትልቁ ቪቴ ነው። ክንዱ ላይ ያለው የስሮትል ቪቴ የተሠራው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ከቾኩ ካም ጋር እንዲሠራ እንጂ ለሚኒሞ አይደለም።

1. ሞተሩን 15 ደቂቃ ያህል ነድታችሁ አግሉና አጥፉት። ቾኩ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን እዩ።

2. የስሮትሉን ቪቴ ካሙን እስኪለቅ ፍቱት። ከዚያ ዝቅተኛውን ደረጃ እስኪነካ አስገቡና ሩብ ዙር ጨምሩ። ይህ ስሮትሉን 0.1 ሚ.ሜ ያህል ብቻ ይከፍተዋል። ከዚህ በኋላ ይህን ቪቴ አትንኩት።

3. ትንሹን ቪቴ ስንት ዙር እንደሆነ እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ ዝጉት፤ ቁጥሩን ጻፉት። በኃይል ከተጫናችሁት የመርፌው ጫፍ ይጎዳል፤ የተጎዳ መርፌ ደግሞ ከእንግዲህ አይስተካከልም። ከዚያ ሁለት ዙር ተኩል ክፈቱ።

4. አስነሡ። በትልቁ ቪቴ ዙሩን 850 ላይ አምጡ።

5. ትንሹን ቪቴ በሩብ ዙር እየከፈታችሁ፣ በየመካከሉ ጥቂት ሰከንድ እየጠበቃችሁ፣ ዙሩ ከፍተኛ የሚሆንበትን ቦታ ፈልጉ። ከዚያ ዙሩ ከ20 እስከ 30 ያህል እስኪወርድ ቀስ ብላችሁ ዝጉ።

6. በትልቁ ቪቴ እንደገና 850 ላይ መልሱ።

ትልቁ ቪቴ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶም ዙሩ ከ1,000 በላይ ከሆነ ወደ ስርቆሹ አየር ተመለሱ። ትልቁ ብዙ ዙር ተከፍቶም ሞተሩ 850 መያዝ ካቃተው የሚኒሞው ጄት ቆሽሿል። አውጥታችሁ በአየር ንፉት፤ ሽቦ ከከተታችሁበት ቀዳዳው ይሰፋል።

ትልቁ ቪቴ በሌላቸው የቀድሞዎቹ 28 ፒክት፣ 30 ፒክት 1 እና 30 ፒክት 2 ላይ ሚኒሞው የሚስተካከለው በክንዱ ቪቴ ነው፤ ትንሹም ከአንድ ዙር ተኩል ግድም ይጀምራል። ሌላው አካሄድ ተመሳሳይ ነው።

ውህዱ ሲወፍር፣ ውህዱ ሲቀጥን

ጥቁር ደረቅ ጥላሸት የያዘ ካንዴላ፣ የቤንዚን ሽታ፣ ፔዳል ሲለቀቅ የሚከብድ ሞተር፦ ቤንዚን በዝቷል። ቾኩ ጤነኛ ከሆነ ፖምፓውን ተጠራጠሩ። ሞተሩ ወርዶ ሲሠራ የቤንዚን ፖምፓው ሥር ያለው ጓርኒሲዮን በቀጭን ከተተካ የሚገፋው ዘንግ ከመጠን በላይ ይወጣል፤ ግፊቱ ይጨምራል፤ የካርቡሬተሩ መርፌ መያዝ ያቅተዋል። ዘንጉ በጣም በወጣበት ጊዜ ከጓርኒሲዮኑ በላይ 13 ሚ.ሜ ይታይ፤ ከበለጠ ጓርኒሲዮን ጨምሩ። ተንሳፋፊውንም ከጆሮ አጠገብ ነቅንቁት፤ ውስጡ ቤንዚን ከተንቦጫረቀ ጣሉት። የዘይት መታጠቢያ ያለው የአየር ፊልትሮ ከምልክቱ በላይ ሲሞላም አየር ያንቃል።

የወፈረ ውህድ አዲስ ሞተር ላይ ነዳጅ ከመፍጀቱ የባሰ ጥፋት አለው። ቤንዚኑ የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል፤ ሪንጉ ሳይላመድ ይቀራል። የዘይት መለኪያውን አሽትቱ፤ ቤንዚን ከሸተተ ጥፋቱን አስተካክላችሁ ዘይቱን ቀይሩ።

ከፍታም ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠረፉ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ካርቡሬተሩ ግን ቤንዚኑን በዚያው መጠን አይቀንስም። ስለዚህ ፋብሪካው ለባሕር ጠረፍ ያስቀመጠው ዋና ጄት እዚህ ውህዱን በመቶ ከአሥር በላይ ያወፍረዋል። 127.5 ጄት ያለው 34 ፒክት 3 ላይ 120 ወይም 122.5 ብታስገቡ ካንዴላው ቡናማ ይሆናል። ትንሹ ቪቴም ከሁለት ዙር ተኩል ይልቅ ወደ ሁለት ሊጠጋ ይችላል። ኮምፕሬሽን ስትለኩም ንባቡ በሩብ ያህል ዝቅ ቢል አትደንግጡ፤ ሊያሳስባችሁ የሚገባው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ15 በመቶ ካለፈ ካርቡሬተር አያድነውም።

ወደ መተሐራ ወይም ወደ ድሬዳዋ ስትወርዱ ግን ትልቁን ጄት መልሱ። ቆላ ላይ ያው ትንሽ ጄት ውህዱን ያቀጥነዋል፤ የቀጠነ ውህድ ያግላል፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ ሙቀትን የሚታገሥበት አቅም ትንሽ ነው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቃጠለው ሦስተኛው ሲሊንደር ነው። የቀጠነ ውህድ ምልክቱ ነጭ ካንዴላ፣ ቤንዚን ሲሰጥ መንተባተብና ቁልቁለት ላይ በማርሚታ መተኮስ ነው። መተኮሱ ብቻውን ከመጣ ግን ማርሚታው ከቴስታታው ጋር የሚገናኝበትን ጓርኒሲዮን እዩ፤ በዚያም አየር ይገባል።

009 ዲስትሪቢዩተር ያላቸው ሞተሮች ከሚኒሞ ሲነሡ ትንሽ ይንተባተባሉ። ጥፋቱ ቫኪዩም አለመኖሩ ነውና በቤንዚን ብዛት ልትሸፍኑት አትሞክሩ፤ የቫኪዩም ዲስትሪቢዩተር ይፈልጉለት።

500 ኪ.ሜ ከተነዳ በኋላ ሪንጉና ብሮንዚኑ ስለሚላመድ ሚኒሞው ማንም ሳይነካው ጥቂት ከፍ ይላል። በዚያን ጊዜ ዘይቱን ቀይሩ፤ በቀዝቃዛው ቫልቮላውን እንደገና 0.15 ላይ መልሱ፤ የማኒፎልዱን ዳዶዎችና የጎማዎቹን ክላምፖች ዳስሱ፤ ከዚያ ከተራ ቁጥር 4 ጀምሮ ያለውን ድገሙት።